የቀረው ስላሽ ብቻ ነው? አንዲት የቢልድ መሣሪያ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትሄድ

ክሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ ጥያቄና ከሥሩ በቁጥር የተደረደሩትን መልሶች፣ የከፈተው ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ ላሉ ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ ያሳያል። በሲ ቋንቋ የጻፋት አንዲት የቢልድ መሣሪያ አለችው። መስኮት የላትም፣ የሚጫን በተን የላትም፤ ተርሚናል ላይ ስሟን ጽፎ መጥራት ነው። የደንብ ፋይል ታነባለች። የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚሠራ ታያለች። የፋይሎቹን ሰዓት ታመዛዝንና የተነካውን ብቻ እንደገና ኮምፓይል ታደርጋለች፤ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ታስለውጣለች ማለት ነው። ሊኑክስ ላይ ምንም አይወጣላትም ይላል። ተማሪዎቹ ግን ያላቸው ዊንዶውስ ነው።

እሱም ለዊንዶውስ በተዘጋጀው ኮምፓይለር፣ በሚንጂደብሊው፣ ኮምፓይል አደረጋት። ሊኑክስ ላይ ሌላ ፕሮግራም ለማስነሳት የሚጠራው ፎርክ ዊንዶውስ ላይ ስለሌለ፣ ሲስተም በሚባለው ተካው። የፋይል አድራሻ ላይ ያለውን ስላሽ (/) ሁሉ ባክስላሽ (\) አደረገው። አለፈችለት። ግን አንዴ ትሠራለች፣ አንዴ ትገግማለች። እና ይጠይቃል፦ በደንብ ቁጭ ብዬ ላስተካክላት ወይስ ተማሪዎቹን ሊኑክስ ጫኑ ልበላቸው? መጨረሻ ላይ፣ የቀረው የስላሽ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ጣል አድርጓል። ክሩን እዚህ ድረስ የጎተተችው ይቺ ግምት ናት።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ሰላምታ ያቀርባል፣ መሣሪያዋን ያደንቃል፣ ከዚያ ልጁ ባይለፋ እንደሚሻለው ይመክራል። ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል በፈረንጆቹ 2016 ዊንዶውስ ውስጥ ገብቷል፤ በ2019 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል ይዞ ነው የመጣው። ተማሪዎቹ እሱን ይጫኑ፣ መሣሪያዋም እንዳለች ትሂድ ነው ሐሳቡ።

2ኛው ወዲያው ደረሰበት። የተማሪ ላፕቶፕ አይቶ እንደሚያውቅ ነው መጀመሪያ የጠየቀው። 4 ጊጋ ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውሱ ራሱ በግድ ነው የሚተነፍሰው። ባዮስ ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን ማብራት አለ፣ ሊኑክሱን፣ ኡቡንቱን፣ በሞባይል ዳታ ማውረድ አለ፤ ፓኬጁን ማን ይሞላለታል? ሦስት ፋይል ኮምፓይል ለማድረግ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሙሉውን ተሸከም ማለት ግፍ ነው የሚል ነው። ትንሽ ጮኾ ነው የጻፈው፤ እኔ ግን ከእሱ ጋ ነኝ። መሣሪያ ሰው ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ሰው መሣሪያው ወዳለበት አይጎተትም።

3ኛው መልስ ረጅም ነው፤ ትንሽ የጥቁር ሰሌዳ ቃና አለበት፣ ስህተት ግን አላገኘሁበትም። የሚያርመው የስላሹን ግምት ነው። ዊንዶውስ ፋይል ክፈትልኝ ሲሉት በስላሽም በባክስላሽም ይከፍታል፤ ድሮም እንደዚያ ነው። የሚያኮርፈው የዊንዶውስ ትእዛዝ ተቀባይ፣ ሲኤምዲ፣ ነው። እሱ ስላሽ ሲያይ የትእዛዝ አማራጭ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁሉንም መቀየሩ ልጁን ከድጡ ወደ ማጡ ነው የወሰደው፤ ምክንያቱም በደንብ ፋይሉ ውስጥ መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ባክስላሽ መስመሩ ይቀጥላል ማለት ነው። ዋናው ጣጣ ሁለት ነጥቡ (:) ጋ ነው። ደንቡ ላይ ከሁለት ነጥብ በስተግራ ያለው የሚሠራው ፋይል ነው፣ በስተቀኝ ያለው የሚሠራበት። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሲ ድራይቭ ራሱ ሁለት ነጥቡን ይዞ ነው የሚመጣ። መሣሪያዋ ሲ የሚባል ፋይል እንድትሠራ የታዘዘች ይመስላታል። ፓዝ የሚባለው የፎልደር ዝርዝርም እንዲሁ ነው፤ ሊኑክስ ላይ በሁለት ነጥብ ይከፋፈላል፣ ዊንዶውስ ላይ በሴሚኮለን።

4ኛው ራሱ ባለ ጥያቄው ነው። መላሾቹን አመስግኖ የሚገጥመውን በዝርዝር ያስቀምጣል። መጀመሪያ ሲያስኬዳት ሁሉም ነገር ያልፋል፣ ፕሮግራሙም ይሠራል። ከዚያ ዋናው ፋይል ውስጥ አንድ ባዶ መስመር ይጨምራል፣ ያስቀምጣል፣ እንደገና ይጠራታል። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም። መሣሪያዋ ግን ፋይሉ አስቀድሞ እንዳለ ጽፋ ትወጣለች። በእጁ ያጠፋዋል፣ ትሠራለች። ሌላ መስመር ይጨምራል፣ ያው ነው። አንዴ አንዴ ያላት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ አንደኛው ዙር ሁልጊዜ ይሠራል፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ይወድቃል። ይሄን መጀመሪያውኑ ቢጽፈው ግማሹ ክር ባልኖረ ነበር።

5ኛው ሁለት መስመር ናት። ሰላምታ የላት፣ ምርቃት የላት። የፋይል ስም የሚቀይረው ሪኔም ሊኑክስ ላይ ያለውን ፋይል በአንድ ጊዜ ይተካል፤ ዊንዶውስ ላይ የሲ ቋንቋው ሪኔም መድረሻው ላይ ፋይል ካገኘ እምቢ ይላል። በእሱ ፈንታ ሙቭ ፋይል ኢኤክስን መጠቀምና መተካት የሚፈቅደውን ምልክት መስጠት ነው። አለቀ። የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው፤ ማንም ባያመሰግነውም።

6ኛው ላይ አንድ ትልቅ ሰው ብቅ አሉ። ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። ሪኔሙ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሳያውቅ ነቅሎ እንዳይጥለው ልጁን ይመክሩታል። መሣሪያዋ ውጤቱን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ትጽፋለች፣ ሲያልቅ ነው በትክክለኛው ስም የምትተካው። እንዲህ ባይሆን ኖሮ፣ ኮምፓይል እያደረገ መብራት ቢሄድ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል። ይሄ ግማሽ ፋይል ደግሞ ሰዓቱ አዲስ ነው። መብራት ሲመጣ መሣሪያዋ ሰዓቱን አይታ ይሄማ ተሠርቷል ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ ፋይሎቹን የሚገጣጥመው ሊንከር ላይ ሲፈነዳ ሰው ያልበላውን ያክካል፤ ኮዱን ነው የሚጠረጥረው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ይዞ እዚህ ከተማ ለሚሠራ ሰው ይሄ የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ እንዳልሆነ ያሳስባሉ።

በዚያው የታወቀውን የድሮ የቢልድ መሣሪያ፣ የሜክን፣ ታሪክ አነሱ። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው እኮ በተመሳሳይ ንዴት ነው። ባልደረባው የተስተካከለ ፕሮግራም ላይ ስህተት ሲፈልግ ጠዋቱን ሙሉ አቃጠለ፤ ለካ ኮዱ ቢታረምም ኮምፓይል የተደረገው ፋይል የድሮው ነበር። ትእዛዙ ፊት በስፔስ ፈንታ ታብ ካልሆነ የሚለው ነገርም ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። ፌልድማን ሊያስተካክለው ሲያስብ ደርዘን የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ነበሩትና እነሱን ማወክ አልፈለገም። ይኸው ዓለም በሙሉ እስከ ዛሬ ታብ ይቆጥራል።

7ኛው ስለታም ነው። የታሪክ ትምህርት አልተጠየቀም ይላል። ዛሬ የራሱን የቢልድ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው፤ ሲሜክና ኒንጃ የሚባሉ የቢልድ መሣሪያዎች እያሉ ይሄ ሁሉ ውኃ ወቀጣ ነው።

8ኛውና 9ኛው አፈፍ አድርገው ያዙት። አንዷ ለጋሼ እንዲህ አይጻፍም አለች፤ ሌላው 7ኛው ይቅርታ እስኪጠይቅ ማንም መልስ እንዳይሰጠው ሐሳብ አቀረበ። ጋሼ ራሳቸው ምንም አላሉም። 10ኛው ግን በማስረጃ መጣ፤ ከቁጣው ሁሉ የበለጠ ዝም ያሰኘው እሱ ነው። ኒንጃን ኢቫን ማርቲን የጻፈው የክሮም ቢልድ አላንቀሳቅስ ስላለው ነው። ኒንጃ ራሱ ግን ወደ ዊንዶውስ ሲመጣ ይሄንኑ መንገድ ነው የሄደው። ትእዛዙን በሲኤምዲ በኩል ሳይሆን በቀጥታ በዊንዶውስ የራሱ የፕሮግራም ማስነሻ፣ በክሪኤት ፕሮሰስ፣ ነው የሚያስነሳ፤ ሲኤምዲ የፈለገ ሰው በግልጽ ጽፎ ይጠራዋል። የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር የትኞቹን ሄደር ፋይሎች እንዳነበበ ስክሪን ላይ ስለሚያወጣ፣ ኒንጃ ያንን ወጪ እያነበበ የሚለቅምበት ለብቻው የተጻፈ ክፍል አለው። እንግዲህ 7ኛው ያመጣው ምሳሌ ራሱን መልሶ መታው።

11ኛው ከዚሁ ይቀጥላል፤ ነገሩ የገባው ሰው ነው። ልጁ ፎርክን በሲስተም መተካቱ ቀላሉ መንገድ ነው፣ ግን ሲስተም ዊንዶውስ ላይ የሚጠራው ያንኑ ሲኤምዲ ነው። ሲኤምዲ በአንድ ትእዛዝ ከ8191 ፊደል በላይ አይቀበልም። ክሪኤት ፕሮሰስ እስከ 32767 ይሄዳል። ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ፋይሉ ሲበዛና ሊንከሩ ዝርዝሩን ሲጠራ ነው የሚቆረጠው። ሁነኛው መፍትሔ ዝርዝሩን ፋይል ላይ ጽፎ ለሊንከሩ የፋይሉን ስም ብቻ መስጠት ነው፤ ኮምፓይለሮቹ ይሄን ያውቃሉ። ስለ ጥቅስ ምልክትም ያስጠነቅቃል። ፕሮግራም ፋይልስ የሚለው ፎልደር መሃሉ ክፍት ነው፤ ያለ ጥቅስ ከጠሩት ፕሮግራም የሚባል ነገር ፍለጋ ይሄዳል። ሳይግዊን ፎርክን አስመስሎ ያቀርባልና እሱስ እንዴት ነው ላለም ቀድሞ መልሷል። ይሠራል፣ ግን ዊንዶውስ ፎርክን ስለማያውቅ እያንዳንዷን ፕሮሰስ መውለድ ምጥ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ትእዛዝ ለሚያስነሳ የቢልድ መሣሪያ ደግሞ ይሄ ኪሳራ ነው።

12ኛዋ እስካሁን ማንም ያላነሳውን አመጣች። አምስት ኪሎ ያለ አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ሲያዘጋጅ የተጠቃሚ ስሙን በፊደል ጻፈ። በአማርኛ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሲ ድራይቭ ውስጥ ያለው ፎልደሩ ሁሉ በዚያ ስም ሆነ። የልጁን መሣሪያ ሲያስኬዳት በፊደሎቹ ቦታ የጥያቄ ምልክት ደርድራ እንዲህ ያለ ፎልደር የለም አለችው። ተማሪው ፎርማት አድርጎ በላቲን ስም እንደ አዲስ ጀመረ። ምክንያቱን ጥሩ አድርጋ ታስረዳለች። ሊኑክስ የፋይል ስም ሲሰጡት ባይት ነው የሚያየው፤ የግዕዝ ይሁን የቻይና ግድ የለውም። ዊንዶውስ ላይ ግን የሲ ቋንቋው ፋይል መክፈቻ በድሮው የኮድ ገጽ፣ ጥቂት ቋንቋዎችን ብቻ በሚይዝ የፊደል ሠንጠረዥ፣ በኩል ነው የሚያልፍ፣ ለእኛ ፊደል ደግሞ እንዲህ ያለ የኮድ ገጽ አልተሠራለትም። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ያኔ የኮድ ገጽ ዘመን እያለፈ ነበር። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ ፋይል የሚከፍተውን፣ የሚያጠፋውን፣ ስም የሚቀይረውን ሁሉ ሰፊ ፊደል (ዩኒኮድን) በሚቀበለው ዓይነት መተካት ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ውስጥ በምትገባ ትንሽ መግለጫ፣ በማኒፌስት፣ የኮድ ገጼ ዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ በባይት የሚጻፍበት መንገድ) ነው ማለት ነው፤ ይሄኛው በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም ወዲህ ይሠራል። በግሌ ከዚህ ሁሉ ክር ለእኛ አገር ሰው አንድ መልስ ምረጥ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው። የራሱ ስም በራሱ ፊደል ተጽፎ ፕሮግራም አልሠራም ያለው ልጅ ፎርማት ማድረግ አልነበረበትም፤ የሚስተካከለው መሣሪያዋ ናት።

13ኛው ተጠቃሚ ስሙን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ ብሎ አሾፈ። 14ኛው ያለ ሳቅ መለሰለት። የተጠቃሚ ስም ባይሆን እንኳ ፎልደሩን የመጨረሻ ፕሮጀክት፣ ቀጥሎም የመጨረሻ የመጨረሻ ብሎ የማይሰይም ተማሪ የለም። አንድ ነገርም ጨመረ። ሊኑክስ ላይ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ በዚያ በኩል አንጎዳም፣ ግን የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ከ260 ፊደል ሲያልፍ የድሮ ፕሮግራሞች ይደናገራሉ። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ለሚቀብር ሰው 260 ሩቅ አይደለም።

ከ15 እስከ 18 መንገድ ሳቱ። አንዱ ያገለገለ ላፕቶፕ የት እንደሚሻል ጠየቀ። ሌላው ለምን ፒያሳ ተገናኝተን በአካል አናየውም አለ። ሦስተኛው የቱ ፒያሳ ብሎ ጠየቀ፤ ከ2024ቱ ፈረሳ ወዲህ የሚያውቀው ካፌ እንዳለ እንኳ እርግጠኛ አይደለም። ቶሞካ አለልህ ተባለ፣ ቶሞካ ደግሞ ቆመው የሚጠጡበት እንጂ ላፕቶፕ የሚዘረጉበት ቦታ አይደለም ተባለ። በዚያው ማኪያቶ ላይ ተጣሉ። ዘልዬዋለሁ።

19ኛው ወደ ጉዳዩ መለሳቸው፣ ያውም በእንቆቅልሽ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስም ዊንዶውስም አለው። ፕሮጀክቱ ሁለቱም በሚያዩት ዲስክ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ኮምፓይል አድርጎ ዊንዶውስ ላይ ገብቶ ኮዱን ቢያርም፣ መሣሪያዋ የሚሠራ ነገር የለም ትላለች። የፋይሉን ሰዓት ሲያይ ደግሞ ገና ያልደረሰ ሰዓት ተጽፎበታል። ግምቱ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ከፈረንጁ ስለሚለይ ነው የሚል ነበር።

20ኛው ይሄን ግምት በትዕግሥት አፈረሰው። የኛና የፈረንጁ ልዩነት 6 ሰዓት ነው፣ እሱም ንግግር ላይ እንጂ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የለም። 19ኛው ያየው ልዩነት ግን 3 ሰዓት ነው፤ ቆጥሮ እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። ቆጠረ፣ 3 ነው። የአዲስ አበባ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መለኪያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ሊኑክስ እናትቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት የዓለም አቀፉ ነው ብሎ ነው የሚያነበውና የሚጽፈው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ሰዓት የአገር ቤት ነው ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ ከሊኑክስ ወጥቶ ዊንዶውስ ሲገባ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ኢንተርኔት ካለ ራሱን ያርማል፤ ዳታ ያልሞላ ሰው ግን እንደቀረ ይውላል። ቅድም ሊኑክስ ላይ የተሠራው ፋይል ከአሁኑ እርማት የሚበልጥ አዲስ ይመስላል፣ መሣሪያዋም ታምነዋለች። መድኃኒቱ ከሁለቱ አንዱን ማስማማት ነው፤ ወይ ሊኑክሱን በአንድ ትእዛዝ የእናትቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ቤት ሰዓት አንብብ ማለት፣ ወይ ዊንዶውሱን ሬጂስትሪ ውስጥ ገብቶ ማሳመን። መሣሪያዋም ከአሁን በኋላ የሆነ ሰዓት የያዘ ፋይል ካየች ዝም ከምትል ብትጮህ ይሻላል፤ ጂኤንዩ ሜክ ያስጠነቅቃል።

21ኛው 5ኛውን አስታወሰን። ሙቭ ፋይል ኢኤክስን ተጠቅሞም አንዳንዴ መተካት ተከልክሏል የሚል መልስ አግኝቷል። ሊኑክስ ላይ ሌላ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል ማጥፋትም መተካትም ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ የከፈተው ካልፈቀደ አይቻልም። ከፋቹ ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱ ነው፤ አዲስ የተወለደች ፕሮግራም ባየ ቁጥር ይዟት ይፈትሻታል። የሚደረገው ትንሽ ጠብቆ ደግሞ መሞከር ነው። ለዓይን አያምርም፣ ግን ትልልቆቹም ያደርጉታል።

22ኛው ክሩን ሊያፈነዳው ነበር። ይሄ ሁሉ መከራ ዊንዶውስን በክራክ ለሚጠቀሙ ሰዎች መሆኑ ያንገበገበው፣ ሊኑክስ ነፃ ሆኖ ሳለ የማይጭን ሰው ፕሮግራመር ለመባል አይበቃም ባይ ነው። 23ኛው አልማረውም። ተማሪው ላፕቶፑን ከወንድሙና ከእህቱ ጋር ነው የሚጋራው፤ እህቱ በዚያው ላይ የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ትማራለች፣ እሱ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራ። ነቅሎ ሊኑክስ ይጫንና እቤት ምን ይበል? ከዚያ በኋላ የጻፈውን የክሩ ኃላፊ አጥፍቶታል፤ ሳይጠፋ አንብቤዋለሁ፣ መጥፋቱም ተገቢ ነው።

24ኛው ትንሽ አሳቀን። አንዱ ተማሪ ረዳት ተግባሮቹን ያስቀመጠበትን ፋይል ኤዩኤክስ ነጥብ ሲ ብሎት ነበር። ሊኑክስ ላይ ችግር የለም። በፍላሽ ወደ ዊንዶውስ ሊገለብጠው ሲል እምቢ። ኤዩኤክስ፣ ኮን፣ ፒአርኤን፣ ነል የሚሉት ስሞች ከዶስ ዘመን ጀምሮ የመሣሪያ ስም ሆነው የተያዙ ናቸው፤ ነጥብና ቅጥያ ቢጨመርባቸውም ብዙ ጊዜ አይለቀቁም። ፋይሉን ሄልፐር በለው ተባለ። ለካ ፍላሹ ላይ ሌላም ጉድ አለ፤ ፋት የሚባለው አሠራር የፋይል ለውጥ ሰዓትን የሚይዘው በሁለት ሁለት ሴኮንድ ነው፣ ስለዚህ ፕሮጀክቱን ፍላሽ ላይ አድርጎ በፍጥነት የሚያርም ሰው ያረመው ላይቆጠርለት ይችላል።

25ኛው ላይ ባለ ጥያቄው ተመለሰ። ስላሹን ወደ ነበረበት መልሶታል። ሪኔሙን በ5ኛው ምክር ተክቶ፣ እምቢ ሲባል ጠብቆ እንዲሞክር አድርጎታል። አንድ ፊደልና ሁለት ነጥብ ካየ ድራይቭ ነው ብሎ ያልፋል። ሲስተምን አውጥቶ ክሪኤት ፕሮሰስ እያስገባ ነው፤ ገና አልጨረሰም፣ ጥቅሱ አስቸግሮታል። ማኒፌስቷን አስገብቶ ፎልደሩን በአማርኛ ሰይሞ ሞክሮታል፣ ሠርቷል፤ ስሙ ግን አሮጌው ተርሚናል ላይ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ጋሼን ለይቶ አመስግኗል። 12ኛዋንም።

26ኛው አሁን ደግሞ ማክ ላይስ እንዴት ነው ብሎ መጣ። ማክ የዩኒክስ ዘር ስለሆነ ፎርኩም ሪኔሙም እንዳለ ይሠራል፤ የፋይል ስም ላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አለመለየቱ ነው የሚያስቸግረው። አፕል አብሮ የሚሰጠው ጂኤንዩ ሜክም 3.81 ላይ ቆሟል፤ የ2006 ነው፣ ተከታዩ ዕትም ጂፒኤል 3 የሚባል የሶፍትዌር ፈቃድ ውስጥ ስለገባ አልወሰዱትም። ልጁ ማክ እንደሌለው፣ ያለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ይዞ አራት ኪሎ ቢመጣ አብረው እንደሚሞክሩት ጽፏል። እስካሁን ማክ አለኝ ያለ የለም።